የሚፈርስ ቤት ቀለም ቀባሁ

ገዢው ከግቢያችን ከወጣ ገና አንድ ሰዓት አልሞላውም፤ እጄ ግን እስካሁን ይንቀጠቀጣል። ልንሸጠው ያወጣነውን የእናቴን ቤት ታውቁታላችሁ፤ ምኑን እንጠግን፣ ምኑን እንተወው እያልን ክረምቱ ከወጣ ጀምሮ ስንጨቃጨቅ መክረማችንንም ሰምታችኋል። ደላላው «ቀለም ያልነካው ቤት ዐይን አይገባም» ብሎ አሳመነን። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ አንድ ብር ሳይልክ «ወለሉን ሴራሚክ አልብሱት» እያለ በስልክ ያዝዝ ነበር። እማ ብቻ «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» ብላ ዝም አለች፤ የቀረውን፣ ድስት ጥዶ ማልቀሱን፣ ዛሬ እኔ ሞላሁት።

ከነጉልበቱ 62,000 ብር ወጣ። ቀለም ቀቢው ቀብድ ተቀብሎ አራት ቀን መጥፋቱን፣ በፈረቃ የሚመጣው ውኃም በዚያው ሳምንት ቀርቶ ወለሉን ለማጠብ ውኃ በጀሪካን መግዛቴን ለጊዜው ልተወው። የሳሎኑን ኮርኒስ ግን አልተውም። ሐምሌ ላይ ጣሪያው ሲያፈስ የተወው፣ ጠርዙ የቡና አተላ የመሰለ ክብ ነበረበት። ቆርቆሮውን በሬንጅ ደፈንነው፤ ክቡን ሦስት ጊዜ በነጭ ቀለም አስቀባሁት፤ እርሱ ግን በደረቀ ቁጥር ቢጫ ሆኖ ብቅ ይላል። ቀለም ቀቢው የመጨረሻ ሒሳቡን ኪሱ ከከተተ በኋላ ነው «የውኃ ቀለም እድፍ አይዝም፤ አስቀድሞ የዘይት ቀለም ሊነካው ይገባ ነበር» ብሎ ያስተማረኝ።

ገዢው ዛሬ ገና በሩን እንዳለፈ አሸተተ።

«ቀለሙ መቼ ነው የተቀባው?»

«ሁለት ሳምንት ሆነው፣ ጋሼ።»

«ምን ልትደብቁበት ነው?»

ቀጥሎ የመኪናውን ቁልፍ አውጥቶ ግድግዳውን ቆረቆረ። በሲሚንቶ ያስለሰንኩት የፊት ለፊቱ ግድግዳ ባዶ እንስራ ይመስል ጮኸ። «ከሥሩ ጭቃ ነው አይደል?» አለኝ። አዎ፣ ጭቃ ነው፤ እንጨትና ጭቃ መሆኑን ደላላው ከመጀመሪያው ነግሮታል። ሲሚንቶ ከጭቃ ጋር እንደማይዋደድ፣ እርጥበቱን አፍኖ እንደሚላቀቅ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። የነገሥታቱ ግንብ በኖራ በተሠራበት ከተማ፣ በጎንደር፣ ጣሊያን ግንቦቹን በሲሚንቶ ጠግኖ ባበላሸበት አገር ተወልጄ፣ እኔም በእናቴ ግድግዳ ላይ ያንኑ ደገምኩት።

«ለነገሩ እኔ አፈርሰዋለሁ፤ የምፈልገው ቦታውን ነው» አለ፣ ቁልፉን ወደ ኪሱ እየመለሰ።

እሺ፣ ያፍርሰው። ነገር ግን ይኸው ሰው ወዲያው ወደ ኮርኒሱ ቀና ብሎ ክቧን አያትና «ይህን ማስጠገን ብቻ ስንት ይፈጃል መሰለሽ?» ብሎ ከዋጋው ላይ ይቀንስ ጀመር! የሚያፈርሰውን ኮርኒስ ማስጠገኛ እኔን ሊያስከፍለኝ ማለት ነው። ቀለም ቀቡ ያለን ደላላም ከጎኑ ቆሞ «ልክ ነው፣ ጋሼ፣ ልክ ነው» እያለ አንገቱን ይነቀንቃል።

እኔን የሚያበግነኝ የነገሩ መገላበጥ ነው። ከ1967ቱ አዋጅ ወዲህ የከተማ ቦታ የመንግሥት ነው፤ በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥትም መሬት አይሸጥም ይላል። ስለዚህ በውሉ ላይ ተሸጠ ተብሎ የሚጻፈው ይኸው ጭቃ ቤት ነው። ዋጋ ሲጠራ የሚታሰበው ቦታው ነው፤ ዋጋ ሲቀነስ ግን ድንገት ሁሉም ሰው ስለ ቤቱ ይጨነቃል። ባልቀባው «ተዋችሁት እንዴ፣ ሊወድቅ ነው» ይሉኝ ነበር፤ ያለፈው ወር የመጡት ባልና ሚስት በሩ ላይ ቆመው ያሉትም ይህንኑ ነው። ብቀባው ሌባ ሆንኩ።

አሁን ደላላው ደውሎ ቅዳሜ ሌላ ገዢ እንደሚያመጣ ነግሮኛል፤ «እስከዚያ ኮርኒሱን አንድ እጅ ብትደግሙት መልካም ነው» አለኝ፣ ድምፁ ላይ እፍረት የሚባል ነገር ሳይኖር። እማ ከጓዳ ሆና ሰምታ ትስቃለች። ግማሽ ጋሎን ነጭ ቀለም ተርፎኛል፤ ማራኪ ሰፈር ያላችሁ፣ የምትፈልጉት ካላችሁ ነገ ጠዋት መጥታችሁ ውሰዱልኝ።