ከልጁ በፊት ወላጁ ይማር

ባለፈው ዐቢይ ጾም ነው። በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያናችን ለመጀመሪያ ቁርባን ከሚዘጋጁት ልጆች አንዷን «ቅዱስ ቁርባን ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። መልሱን ልቅም አድርጋ ወረደችው። አንድ ቃል አልሳተችም። ቀጠልኩና «ቤት ውስጥ ከማን ጋር ነው የምትጸልዪው?» አልኳት። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «ከእማማ ጋር» አለችኝ።

እማማ የምትላቸው አያቷን ነው። ኦርቶዶክስ ናቸው። ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው ቅዱስ ጊዮርጊስን ይሳለማሉ። ማታ ደግሞ ልጅቷን ከጎናቸው አስቁመው «አቡነ ዘበሰማያት» ያስደግሟታል። «እናትና አባትሽስ?» አልኳት። «እነሱ ሥራ ይበዛባቸዋል» አለች። ቅሬታ አልነበረባትም። የቤቷን ወግ ነው የነገረችኝ።

ባሕር ዳር ውስጥ ልጆችን ትምህርተ ክርስቶስ ማስተማር ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በበጎ ፈቃድ የምሠራው ሥራ ነው። የዚያች ልጅ መልስ ግን እኔኑ አስተማረኝ። ልጅን ለምስጢራት ማዘጋጀት ሲባል ሁላችንም ዓይናችን ልጁ ላይ ነው። እኔ አሁን የማምነው መጀመሪያ መዘጋጀት ያለባቸው እናትና አባቱ እንደሆኑ ነው። ቁምስናችንም፣ ማለትም አጥቢያ ቤተ ክርስቲያናችን፣ ጉልበቱን እዚያ ላይ ቢያውል እመርጣለሁ።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ በቅርቡ በአንድ የወላጆች ስብሰባ ላይ የሰማሁት ሐሳብ ነው። አንድ አባት ተነሥቶ እንዲህ አለ፦ «ለምን ትምህርት ቤት አያስተምርልንም? አየርላንድ ያለው ወንድሜ ልጆቹን ያቆረበው ትምህርት ቤቱ አዘጋጅቶለት ነው።» ብዙ ሰው በሐሳቡ ተስማማ።

ያለው እውነት ነው። አየርላንድ ውስጥ ከአሥር የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ዘጠኙ ገደማ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሥር ናቸው። ልጆቹ ሰባት ስምንት ዓመት ሲሆናቸው ክፍላቸው ውስጥ በመምህራቸው ለመጀመሪያ ቁርባን ይዘጋጃሉ። አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ሲደርሱ ደግሞ ለሜሮን። ነገር ግን እዚያው አገር ዝግጅቱ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ወደ ቤተሰብና ወደ ቁምስና ይመለስ የሚሉ ካህናትና ጳጳሳት አሉ። ያሳሰባቸው ነገር ግልጽ ነው። ልጁ ይቆርባል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ከዚያ ቤተሰቡ ከቅዳሴ ይጠፋል። ትምህርት ቤቱ ሁሉን ከሠራለት ቤቱ ምን ይሥራ?

እኛ ጋ ደግሞ መንገዱም የለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ በሆነ መንገድ መሰጠት አለበት ይላል። ይህን እንደ ጉዳት አላየውም። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ በመላው አገሪቱ ካቶሊኮች 0.7 በመቶ ነበርን። በእኛ ክልል ከዚያም እናንሳለን። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ከሚማሩት ልጆች አብዛኞቹ የኦርቶዶክስና የሙስሊም ልጆች ናቸው። ጎረቤታችን ልጁን አምኖ የሚልክልን ሃይማኖቱን እንደማንነካበት ስለሚያውቅ ነው። ይህን አመኔታ ማጉደል አልፈልግም። ደግሞም ያው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 ወላጆች ልጆቻቸውን በገዛ እምነታቸው የማሳደግ መብት እንዳላቸው ይናገራል። ሥራው የማን እንደሆነ እዚያው ተጽፏል።

ትምህርት ቤት ለዚህ ጉዳይ ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። ልጅ እውነት መናገርን፣ ተራ መጠበቅን፣ ያጠፋውን «እኔ ነኝ» ማለትን እዚያ ይለምዳል። «እኔ ነኝ» ማለት ያልለመደ ልጅ ኑዛዜ ላይ ሲቀመጥ ምን እንደሚል ይጨንቀዋል። አይቻለሁ። ጥሩ መምህር ያሳደገው ልጅ ከካህኑ ፊት ሲቀርብ ያስታውቃል።

የፈተናውን መንፈስ ግን ከትምህርት ቤት ይዘን መጥተናል። ወላጆች ስለ ልጃቸው ሲጠይቁኝ «ስንት አገኘ?» ይሉኛል። ልጁ የ8ኛ ክፍል ፈተና አለበት ተብሎ ቅዳሜውን ቱቶሪያል ይውላል። የቁርባኑ ሳምንት ሲደርስ እናት ትደውላለች። «ቲቸር፣ እባክዎ ማስታወሻውን በቴሌግራም ይላኩልኝ፣ ላስጠናው።» እልካለሁ። ልጁም ያጠናል። መልሱንም ያውቃል። እኔ ግን ይከፋኛል።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ብዙ ካቶሊክ ወላጆች የማያውቁት ነገር ስላለ ነው። እኛ የግእዝን ሥርዓት የምንከተል ካቶሊኮች ነን። በሥርዓታችን ሕፃኑ ሲጠመቅ በዚያው ሜሮን ይቀባል። እ.ኤ.አ. በ1990 የታወጀው የምሥራቅ ካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናት ሕግም ከባድ ችግር ካልገጠመ በቀር ሁለቱ አብረው እንዲሰጡ ያዛል። በጥንቱ ሥርዓት ቁርባኑም በዚያው ዕለት ይሰጣል። ኦርቶዶክስ ወንድሞቻችን ዛሬም እንዲሁ ያደርጋሉ። ልጁ ከፍ እስኪል ጠብቆ «የመጀመሪያ ቁርባን» የሚል በዓል ማድረግ ከላቲን፣ ማለትም ከምዕራቡ የካቶሊክ ሥርዓት የመጣልን ልማድ ነው። እዚያም ቢሆን ልጆች አሥርና አሥራ ሁለት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይጠብቁ ነበር። ዕድሜውን ወደ ሰባት ዓመት ዝቅ ያደረጉት ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 10ኛ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1910። ከልጁ የጠየቁት ብዙ አይደለም። በዕድሜው መጠን ዋናውን እምነት ይወቅ፣ ይህን እንጀራ ከተራው እንጀራ ይለይ ነው ያሉት።

ስለዚህ በእኛ ሥርዓት ጸጋው ይቀድማል፤ ትምህርቱ ይከተላል። ወንዱ በ40 ቀኑ፣ ሴቷ በ80 ቀኗ ስትጠመቅ ምን ያውቃሉ? ሰይጣንን እክዳለሁ፣ በክርስቶስ አምናለሁ ብሎ ስለ ሕፃኑ የሚመልሰው ትልቅ ሰው ነው። ክርስትና አባት፣ ክርስትና እናት ናቸው። በእኛ ባህል አበልጅነት ትልቅ ነገር ነው። አበልጅ በዓል ሲሆን ይጠራል፣ ሲታመም ይጠየቃል፣ ለሽምግልና ይቆማል። ያ ሁሉ ደስ ይላል። ግን ያን ቀን የገባውን ቃል ስንቱ ያስታውሰዋል? የክርስትና ልጁን አንድ ቀን እንኳ ከጎኑ አስቀምጦ ያስቀደሰው ስንቱ ነው?

ጣና ዳር ሆኖ ይህን የሚያስብ ሰው ታሪኩን መርሳት አይችልም። ስፔናዊው የኢየሱሳውያን (ጀስዊት) ማኅበር ካህን ፔድሮ ፓኤዝ ትግራይ ውስጥ ፍሬሞና በምትባል ቦታ ልጆችን ትምህርተ ክርስቶስ በአማርኛ ያስተምር ነበር። ዝናው ለአፄ ዘድንግል ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1604 ንጉሡ ከነተማሪዎቹ አስጠሩት። ልጆቹ በቤተ መንግሥት ፊት ጥያቄና መልሱን ሲወጡት ሰው ሁሉ ተደነቀ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር የኔዋ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ትታየኛለች። ከዚያስ? አፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበሉ። ሕዝቡ እንዲከተል በአዋጅ ተገደደ፤ ብዙ ደም ፈሰሰ። በ1632 አዋጁን ራሳቸው መለሱት፤ ዙፋኑንም ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ዛሬ ጎርጎራ አካባቢ የቀረው የድንጋይ ፍርስራሽ ነው። እምነቱ ቤተ መንግሥት ገባ እንጂ ጓዳ አልገባም ነበር። በኃይል መግባትም አልነበረበትም።

ከዚያ ወዲህ ደግሞ ሌላ ሰው አለን፤ የራሳችን የጎጃም ሰው። ብፁዕ ገብረ ሚካኤል የመርጡለ ማርያም ልጅ ናቸው። የቤተ ክርስቲያን ሊቅ፣ መነኩሴ ነበሩ። ከአቡነ ያዕቆብ፣ ማለትም ከጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ ጳጳስ ከቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ ጋር ሆነው ለአገሩ ሰው የሚሆን ትምህርተ ክርስቶስ በማዘጋጀት ደክመዋል። ስለ እምነታቸው ታስረው እ.ኤ.አ. በ1855 በሰንሰለት እንዳሉ ሞቱ። ልጆቼ ስለ እሳቸው ስነግራቸው ዓይናቸው ይፈጥጣል። «ቲቸር፣ መርጡለ ማርያም? የአክስቴ አገር?» ይላሉ። የአክስት አገር ሰው ቅዱስ ሊሆን እንደሚችል ማወቅ ለልጅ ትልቅ ነገር ነው። ይህን ደግሞ አባትም ማታ በእራት ላይ ሊነግረው ይችላል። ማስታወሻ አያስፈልገውም።

ወደ እማማ ልመለስ። የብዙዎቻችን ቤት እንደዚያች ልጅ ቤት ነው። አንዱ ካቶሊክ፣ አንዱ ኦርቶዶክስ፤ አያት አንድ በኩል፣ አክስት ሌላ በኩል። ቁርባኑ ሲቃረብ ልጅቷ ቀስ ብላ ወደ እኔ መጣች። «ቲቸር፣ እኔ ስቆርብ እማማን ተለየኋቸው ማለት ነው?» አለችኝ። ይህ ጥያቄ በማስታወሻው ውስጥ የለም። እንዳልተለየቻቸው ነገርኳት። በስመ አብ ብለው የሚያማትቡት፣ የሚጸልዩት አቡነ ዘበሰማያት፣ የሚጾሙት ዐቢይ ጾም የእሷም እንደሆነ ነገርኳት። ልዩነት የለም አላልኳትም፤ ለልጅ መዋሸት አልወድም። ግን እማማ ያስተማሯት ጸሎት ለዚህ ቀን ካዘጋጇት ነገሮች ሁሉ የሚበልጠው እንደሆነ ከልቤ ነገርኳት። እፎይ ስትል አየኋት።

ይህን መልስ መስማት የነበረባት ከእኔ አልነበረም። ከእናቷ ነበር። እናቷን ጠርቼ አነጋገርኳት። አላኮረፈችም። «እኔ ራሴ ከተናዘዝኩ ስንት ዓመቴ። ልጄን ስለማላውቀው ነገር ምን ልበላት?» አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ወላጆች ግድ የላቸውም እያልን የምናማቸው አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው። ያፍራሉ። መልሱን እንዳይስቱ ይፈራሉ። የሚያስተምራቸው ደግሞ የለም፤ ሁላችንም ከልጆቹ ጋር ነንና።

ሀገረ ስብከታችን ባሕር ዳር ደሴ የተቋቋመው በጥምቀት ዕለት ነበር፤ ጥር 11 ቀን 2007 ዓ.ም.። ገና ልጅ ነው። ካህናቱ ጥቂት፣ አገሩ ሰፊ ነው። ባለፉት ዓመታት ደግሞ በክልላችን የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። መንገድ የተዘጋበት ሳምንት ነበር። ትምህርት ቤት ያልተከፈተበት ወር ነበር። ኮሮና ጊዜም ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ማስቀደስ አልተቻለም ነበር። በእነዚያ ቀናት ለልጁ የቀረለት ቤቱ ብቻ ነው። ቤቱ ውስጥ ጸሎት ካለ ምንም አልጎደለበትም። ከሌለ ደግሞ ቅዳሜ ለቅዳሜ የሰማው ሁሉ ይተናል።

ስለ ድግሱ ብዙ አልልም። ነጭ ቀሚስ፣ ኬክ፣ ሐይቁ ዳር ፎቶ፤ ልጅ ይደሰትበታል፣ ይሁን። ብድር የሚገባበት ቤተሰብ ሳይ ግን ያመኛል።

የምጠይቀው ከባድ አይደለም። ልጆቹ ከመጀመራቸው በፊት ወላጆችና አበልጆች ለጥቂት እሑዶች ከቅዳሴ በኋላ ይቀመጡ። ቡና ይፈላ። ምሽት አይሁን፤ ሰው ወደ ቤቱ በጊዜ መግባት ይፈልጋል። ኦርቶዶክስ የሆነው አባት ወይም እናትም ይጠራ፤ ለማሳመን ሳይሆን ልጁ የሚያልፍበትን እንዲያውቅ። ትምህርቱም ከቅዳሴው ይጀመር። «ተንሥኡ ለጸሎት» ሲባል ለምን እንደምንነሣ፣ «ሰላም ለኵልክሙ» ሲባል ምን እንደምንመልስና ለምን እንደሆነ። ዲያቆኑ «ጻኡ ንኡሰ ክርስቲያን» ሲል የሚያስወጣው ማንን ነው? ገና የሚማሩትን፣ ያልተጠመቁትን ነበር። ይህን አንድ ቃል ለአንድ አባት ባስረዳሁት ጊዜ «ሠላሳ ዓመት ስሰማው እኮ ትርጉሙን አላውቅም ነበር» አለኝ። በሚቀጥለው እሑድ ቃሉ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ ለልጁ ጆሮ ሲያንሾካሹክ አየሁት።

ወላጁ ከልጁ ቀድሞ ይናዘዝ። ልጁ አባቱ ካህኑ ፊት ሲንበረከክ ካየ እኔ የማስረዳው ብዙ አይቀርም።

የዘንድሮው ምዝገባ ከመስቀል በኋላ ነው። መዝገቡ የልጁ ስም፣ ዕድሜና የተጠመቀበት ቀን የሚጻፍበት ቦታ አለው። ከእነሱ በላይ አንድ መስመር እንዲጨመር አባን ለምኛለሁ፤ እናትና አባት፣ ክርስትና አባትና ክርስትና እናት መማር የሚጀምሩበት ቀን የሚጻፍበት።