ወልቋል!

ዛሬ ለጅማ ጠያቂዎች ምስጋና ላቀርብ ነው። የታመመ ሰው መጠየቅ ደግ ነገር ነው፣ ማንም አይክድም። የኛ ሰው ግን ጠይቆ አይሄድም፣ አክሞ ነው የሚሄደው።

ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ዝናብ ነበር (ጅማ ላይ ይሄን መናገር ትርፍ ነው)። ፈረንጅ አራዳ ከባጃጅ ስወርድ ቀኝ እግሬ የቦዩ ጠርዝ ላይ አረፈና ወለም አለኝ። ቁርጭምጭሚቴ በአንድ ሰዓት ውስጥ ዳቦ አከለ። ራጅ ተነሳሁ፣ አጥንቱ ደህና ነው ተባለ። የተጎዱት በውጪ በኩል አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዙት ጅማቶች ናቸው። የጅማ ሰው ጅማቱ ቢጎዳ ምን ይገርማል ብዬ ተጽናናሁ።

በእንቅስቃሴ የምታክመኝ ፊዚዮቴራፒስት ነገሩን በአጭሩ ጨረሰችው። የመጀመሪያውን ሁለት ሦስት ቀን እግርህን ከፍ አድርገህ ተቀመጥ፣ ትኩስ ነገር አታስነካው፣ አትታሽ። ከዚያ በየቀኑ እንቅስቃሴውን ሥራ። በአውራ ጣትህ አየር ላይ ፊደል ጻፍ። ከባጃጅ ካላማዳሪያ የተቆረጠ ጎማ ሰጥታ በእግሬ እንድስበውም አዘዘችኝ። የሰበረኝ ባጃጅ፣ የሚጠግነኝም ባጃጅ። ፊደሉ ግን ይከብዳል። የእንግሊዝ በሽተኛ በ26 ይገላገላል፣ እኔ 231 አለብኝ።

ቤት ስደርስ ጉባኤው ተሰብስቦ ጠበቀኝ።

አንድ ጎረቤት አሉኝ። የሁላችሁም ጎረቤት ስለሆኑ ስም አልጠራም። ገብተው ገና ሳይቀመጡ እግሬን ጭናቸው ላይ አደረጉት። በአውራ ጣታቸው ጫን አሉትና እኔ ስጮህ ፊታቸው በደስታ በራ። «ወልቋል!» አሉ። አልወለቀም ጋሼ፣ ራጅ ተነስቻለሁ አልኳቸው። ራጁን ከፖስታው አወጡና ወደ አምፖሉ ገልብጠው ያዙት። ተረከዜ ወደ ላይ ሆነ። «ይሄው! ዞሯል እኮ!»

ቡና ተፈላ። አቦል ላይ ለጋ ቅቤ ተቀብቶ በደንብ እንዲታሽ ተወሰነ። ቶና ላይ ሁለት ሰው ተጨመረና ቅቤው በድምፅ ብልጫ ተሽሮ ፌጦ ተተካ። ጨው የተጣለበት የሚያቃጥል ውሃ ይሻላል ያሉት እትዬ ተቃውሟቸው በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። በረካ ላይ ስምምነት ተደረሰ፤ ይሳብ። አንዱ ጉልበቴን ይይዛል፣ ጋሼ ጣቴን ይጎትታሉ። ልምድ አለዎት ወይ አልኳቸው። «የፍየል እግር ጠግኜ አውቃለሁ» አሉ። ፍየሏ ዳነች? «ለበዓል ታረደች።»

እግሬን የጅማ በርጩማ ላይ ሰቅዬ ይሄን ሁሉ እሰማለሁ። በርጩማውን አየሁትና ቀናሁበት። ሦስቱም እግሩ ከአንድ ግንድ የተጠረበ ነው። የሚወልቅ መጋጠሚያ የለውም። ጠያቂም የለውም።

ፊዚዮቴራፒስቷ አትታሽ ብላኛለች ብል፣ «እሷ ልጅ ናት» ተባልኩ። እንቅስቃሴ አዛልኛለች ስልማ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሰው ተጎድቶ ስፖርት ይሠራል እንዴ? ሁለተኛው ሳምንት ላይ ግድግዳ ተደግፌ በተጎዳው እግሬ ብቻ ሠላሳ ሰከንድ መቆም ጀመርኩ። ወለም ያለው እግር ሚዛን መጠበቅ ስለሚረሳ ካልተማረ መልሶ ይታጠፋል። ጋሼ በመስኮት አዩኝና ባለቤቴን ውጪ ጠሯት። «ልጄ፣ ወደ ጭንቅላቱ ወጥቷል።» በማግስቱ ጠበል በጀሪካን መጣልኝ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከማዶ ያሉት ሐጂ ዱዓ ሊያደርጉልኝ መጡ። ለሁለቱም አሜን ብያለሁ። እነሱ ቢያንስ እግሬን አልጎተቱም።

እስካሁን እየሳቅኩ ነው የጻፍኩት። ራጅ ልነሳ ተራ ስጠብቅ አጠገቤ ስምንት ዓመት የማይሞላው ልጅ ተቀምጦ ነበር። ክንዱ በቀርከሃ ተወጥሮ ታስሯል። ጣቶቹ አብጠው ጠቁረዋል። ስነካቸው ቀዝቃዛ ናቸው። ልጁ አያለቅስም፣ እሱ ነው ያስፈራኝ። እናቱ ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ ነበር አለችኝ። ፍቱለት ስትል ሰፈሩ ሁሉ «ሲታሰር ያማል፣ ቻይው፣ እንዳትፈቺው» ብሏታል። የተሰበረ ክንድ ያብጣል። ማሰሪያው ካልላላ ደሙ ማለፍ ያቅተዋል፣ ሥጋው በሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራል። ከዘገየ የሚቀረው መቁረጥ ሊሆን ይችላል። እጁ ያስተዋለና የማያውቀውን አልነካም የሚል ወጌሻ አለ፣ እሱን አልልም። ያን ሌሊት «ቻይው» ያላችሁ ግን የት ነበራችሁ? አንዳችሁም እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ አልነበራችሁም። እናትየው ብቻዋን ነበረች።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ሕክምና ጀምረው ለሚተዉትም ድርሻ አለኝ። አንዱ ወዳጃችን ጄሶው ሲፈታለት ጉልበቱ እንደ በር ማጠፊያ ዝጎ፣ ጭኑ ሟሽሾ አገኘው። ሁለት ቀን ተመላለሰና ቀረ። ምነው ሲሉት፣ «ምንም አላደረጉልኝም እኮ! ራሴን ነው ያሠሩኝ» አለ። ተጋድሞ የሚታሽበት፣ ደረሰኙም ክብደት ያለው ነገር ጠብቆ ነበር። አሁን ደረጃ በጎን ይወጣል። ጠያቂ ሆኖ ሲመጣ ግን ለሰው ጉልበት ምክር አያጣም።

ይሄን ስጽፍ እግሬ በርጩማው ላይ ነው። አውራ ጣቴ «ቀ» ላይ ደርሷል፣ እብጠቱ ጎድሏል፣ ያለ ክራንች እሄዳለሁ። ጋሼ ትናንት ሲያዩኝ ለሠፈሩ አስታወቁ፤ የዳነው ቅቤውን በማሰቡ ነው።

በር ተንኳኳ። ሽታው ቀድሞ ገብቷል። ፌጦ ነው።