ሳትቀባው ልትተወው ነው?

ደብረ ማርቆስ ላይ ቀለም የሌለው በር አቁማችሁ እዩ። አላፊ አግዳሚው ሁሉ ባለቤት ይሆንበታል። እኔ ሰሞኑን የአያቴን ቤት የፊት በር ቀለም እየፋቅሁ ነው። ስፓቱላ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ እርጥብ ጨርቅ፣ አፍና አፍንጫዬ ላይ ማስክ። የሚያልፈው ሰው መጀመሪያ ወግ አያጓድልም። "እንደምን ዋልህ፣ በርታ፣ እሰይ" ይላል። ጥቂት ራመድ ይላል። ከዚያ ይመለሳል።

"ግን… ሳትቀባው ልትተወው ነው?"

አዎ፣ ሳልቀባው።

"ኧረ በሞቴ! ፋሲካ እኮ ደረሰ!"

ፋሲካ እኛ ቤት መጥቶ በር የሚመረምር ይመስል።

በሩ የዋንዛ ነው። ዋንዛ ማለት ገበታ የሚጠረብበት፣ ከበሮ የሚፈለፈልበት እንጨት ነው። ለአናጢ እጅ ይለዝባል፣ ዓመት ግን ይችላል። ዛሬ እንዲህ ያለ ወፍራም ሳንቃ በቀላሉ አይገኝም። በ1986ቱ የደን አዋጅ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከተከለከሉት ዛፎች አንዱ ነው፤ ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጥድ ጋር። የኛ ዘመን ዕጣ ባሕር ዛፍና ላሜራ ነው። ላሜራውን ቀቡት፣ ካልተቀባ ይዝጋል። ዋንዛ ግን ምን አድርጓችሁ ነው?

ስፓቱላውን ጠርዙ ላይ አስገብቼ ስገፋ ቡናማው ይነሳል። ከሥሩ ሰማያዊ። ከሰማያዊው ሥር አረንጓዴ። ከዚያ ቢጫ፣ ከዚያ የሥጋ ቤት ቀይ። ከሁሉም ሥር ማር የመሰለ እንጨት። እያንዳንዱ ቀለም አንድ ድግስ ነው። ሰማያዊው የታላቅ እህቴ ሠርግ ነው። አረንጓዴው የማን ክርስትና እንደሆነ ቤተሰቡ እስከ ዛሬ አልተስማማም። በሰማያዊውና በቡናማው መካከል አንዲት ሸረሪት ከነእግሮቿ አገኘሁ። ቀለም ቀቢው ለማባረር ጊዜ አልነበረውም፣ አብሮ ቀብቷት አልፏል።

ደግሞ እኛ የቅኔ አገር ሰዎች ነን ባዮች ነን። ዋሸራ እዚሁ፣ ጎንጅ እዚሁ፣ ዲማ እዚሁ። ሰሙን ገፎ ወርቁን ማውጣት ለአገር ያስተማርን ሰዎች፣ በር ላይ ስንደርስ ሰም በሰም ላይ እንደርባለን። ከተማው ራሱ እኮ ድሮ መንቆረር ነበር የሚባለው፣ በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን ነው ደብረ ማርቆስ የሚለውን ስም የተቀባው… ተውት፣ ይሄ ከደብሩ ጋር ያጣላኛል።

የምወደው ተረት አለ። "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።" ለብድርም እላታለሁ፣ ለትዳርም እላታለሁ፣ ለአስፋልትም እላታለሁ። ባለቤቴ "ሲሮጡ" ስል ቀሪውን ራሷ ጨርሳ ወደ ጓዳ ትገባለች። ግን ለዘይት ቀለም የተተረተች ነው የምትመስለው። ቀለም እንዲይዝ የድሮው ይታጠባል፣ ጥላሸቱና የእጅ ቅባቱ ይለቃል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል፣ አንዱ ሳይደርቅ ሌላው አይደረብም። እኛ ጋ ግን ሥራው የሚጀመረው በዋዜማው፣ ዶሮ እየተገነጠለ ነው። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ። ታዲያ ለዳግማይ ትንሣኤ መላጥ ቢጀምር ምን ይገርማል?

ነገርን ነገር ያነሳዋል። የአጎቴ ልጅ ሲያገባ የመጣው ቀለም ቀቢ መስኮቱን ከነማጠፊያው፣ ከነመቀርቀሪያው፣ ከመስታወቱም ሩቡን ጨምሮ ቀባው። ደረቀ። መስኮቱ ከዚያ ወዲህ ተከፍቶ አያውቅም። ሙሽራው ልጆቹን ኮሌጅ አስገብቷል፣ መስኮቱ ግን እስከ ዛሬ ሠርግ ላይ ነው። ቡና ሲቆላ ጭሱ ሳሎኑን ዞሮ በጓሮ በር ይወጣል። "ኧረ ይሄን ነገር እናስከፍተው" ስል መልሱ ሁሌ አንድ ነው፦ "ለሠርጉ እኮ አምሮ ነበር።" አምሮ ነበር! ለአንድ ቀን! ሰርገኛው ደግሞ ሲበላና ሲጨፍር ዋለ እንጂ መስኮት ቀና ብሎ ያየ የለም። እኔ እዚያው ነበርኩ፣ አይቻለሁ።

ከቤት ወጥተንም ያው ነን። ትልቅ ሰው ይመጣል ሲባል የመንገዱ ዳር ድንጋይ ጥቁርና ነጭ ይቀባል፣ የዛፉ ግንድ እስከ ወገቡ ኖራ ይለብሳል፣ ጉድጓዱ ግን በቦታው አለ። አንድ መሥሪያ ቤት አውቃለሁ፤ ጉዳይ ስላለኝ ስሙን አልጠራም። በሩ በየጊዜው ይታደሳል፣ "ቀለም አልደረቀም" የሚል ወረቀትም ይለጠፍበታል። ውስጥ ግን ሽንት ቤቱ ውሃ ካየ ሰንብቷል። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ብለን የምንስቅበት ነገር አለ፤ እዚህ ላይ ግን አልስቅም። ልጅ ያዘሉ እናቶች ጠዋት ተሰልፈው ከሰዓት ድረስ ይቆማሉ። ነፍሰ ጡር ሴት ከሰልፉ ወጥታ መንገድ ተሻግራ ሻይ ቤት ሽንት ቤት ስትለምን አይቻለሁ። ለቀለም የሚወጣው ብር አንዲት ቧንቧ አያስጠግንም? ባለሥልጣኑ በሩን አይቶ ይመለሳል፤ ሽንት ቤት የሚያስፈልገው ሰው ግን በየቀኑ ነው የሚመጣው።

ወደ በሩ ልመለስ። ቢጫው ላይ ስደርስ እጄን አዘገየሁ። የድሮ ቢጫና ቀይ የዘይት ቀለም ብዙ ጊዜ ሊድ ክሮሜት የሚባል የእርሳስ ውህድ አለበት። እርሳስ የልጅ አእምሮ ይጎዳል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም "ይህን ያህሉ አይጎዳም" የሚባል መጠን የለውም ይላል። ለአዲስ ቀለም 90 ፒፒኤም፣ ማለትም ከሚሊዮን 90 እጅ፣ ጣሪያ ሆኖ በእኛም አገር ደንብ ወጥቶለታል። የድሮውን ግን ደንብ አይፍቀውም። ስለዚህ በደረቁ መፈግፈግ የለም፣ መርዙ አቧራው ውስጥ ነው። እሳትም አይነካውም፣ ጭሱ ይብሳል። አንድ የሰፈር ሽማግሌ "ላምባ ነስንሰህ ለብለብ አድርገው፣ ምን ያለፋሃል?" አሉኝ። ሌላው ኮስቲክ ሶዳ አዘዘልኝ። ቀለሙን ያለቃል፣ አዎ፣ እንጨቱንም ያጠቁረዋል። እኔ ውሃ እየረጨሁ እፍቃለሁ፤ የወደቀውን በላስቲክ እሰበስባለሁ፤ ልጆቹን ከአጠገቤ አርቃለሁ። አክስቴ ይሄን ስታይ ሳቀች። "እኛ እዚህ በር ሥር ድኸን አደግን፤ ምን ሆንን?"

ምን እንደሆንን የውርስ ስብሰባው ላይ አይቻለሁ፤ ግን ዝም አልኩ።

አክስቴ እኮ ለጥምቀት እንግዳ ብላ ምድጃውን ያስቀባች ሴት ናት። ሳሎን ጥግ ያለው የሲሚንቶ ምድጃ፣ አያቴ ብርድ ሲሆን የምትሞቅበት፣ ከንፈሩን ዙሪያውን በቀይ ዘይት ቀለም። በሥሩ የስንት ዘመን ጥላሸት እያለ። ፍሙ ሲጋል ቀለሙ እንደ ቁስል አረፋ አወጣ፤ ቤቱ ጎማ የተቃጠለበት ጋራዥ ሸተተ። እንግዳው አቦሉን እንደጠጣ "ደግሞ እንመጣለን" ብሎ ተነሳ። ቶናና በረካው ለእኛ ተረፈ። ያንንም ምድጃ የምፍቀው እኔው ነኝ፣ ሌላ ማን አለ።

የተፋቀውን በር ምን ላድርገው ካላችሁ፣ ተልባ ዘይት ላጠጣው ነው። ጎጃም ተልባ ሞልቶ፣ የተልባ ዘይት ደግሞ ሲቆይ እየደረቀ የሚጠነክር ዘይት ነው፤ ሠዓሊዎች ቀለማቸውን የሚለውሱበት እሱ ነው። በስሱ ይቀባል፣ እንጨቱ የጠጣውን ይጠጣል፣ ትርፉ ይጠረጋል። የጠረጋችሁበትን ጨርቅ ብቻ ጨምድዳችሁ ጥግ እንዳትጥሉት። ሲደርቅ ይግላል፣ ክብሪት ሳይነካው ሊነድ ይችላል። ዘርግታችሁ ውጭ ስቀሉት። ይሄን ሁሉ ለአክስቴ በትዕግሥት አስረዳኋት። በትዕግሥት አዳመጠችኝ። ከዚያ ጠርሙሱን አንስታ አሸተተችው።

"ተልባ ነው?"

"ተልባ ነው።"

"በሁዳዴ? ሰው የጾም ወጥ የሚያጣፍጥበት አጥቶ፣ አንተ በር ታጠጣለህ?"

ለእንጨት እንጂ ለወጥ የተዘጋጀ እንዳልሆነ ብነግራትም አልሰማችኝም። ጠርሙሱን ጓዳ ቆልፋበታለች፣ ቁልፉን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራለች። ከትንሣኤ በኋላ እንነጋገራለን ብላኛለች።