የማን ማንነት?

ስለ «አፓላቺያን ስፕሪንግ» ባሌት አልባሳት የጻፋችሁትን ወድጄዋለሁ። «የአሜሪካ ማንነት በልብስ» ስትሉት ግን ትንሽ ከነከነኝ።

ሥራው መጀመሪያ የታየው እዚሁ ዋሽንግተን፣ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው፤ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 30 ቀን 1944። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገና አላለቀም። የዳንሱ ደራሲ ማርታ ግራሃም የፔንሲልቬንያ ሰፋሪዎችን ሠርግ ይዛ መጣች። ልብሱን ያዘጋጀችው ኤዲት ጊልፎንድ ናት። ረጅም ቀሚስ፣ አገጭ ሥር የሚታሰር ኮፍያ፣ በታሪኩ ውስጥ ላለው ሰባኪ ሰፊ ባርኔጣ። የባሌት አጭር ነጭ ቀሚስ ለለመደ ሰው ግራ ያጋባል። (ግራሃም ሙሽራዋን ራሷ ስትጫወት 50 ዓመቷ ነበር። አበጀች!)

እናንተ የዘለላችሁት ግን ይኼን ነው። ሰባኪውን ከሚከተሉት አራት ሴቶች አንዷን የተጫወተችው ዳንሰኛ ዩሪኮ ነበረች። ጃፓናዊት አሜሪካዊት ናት። አሜሪካ ከጃፓን ጋር ስትዋጋ፣ መንግሥት በዘሯ ምክንያት ብቻ አሪዞና በረሃ ካምፕ አጉሯት፣ ከወጣች ብዙም አልቆየችም። መድረኩን የሠራው ጃፓናዊ አሜሪካዊ ቀራፂ ኢሳሙ ኖጉቺም በ1942 አሪዞና ካምፕ ነበር፤ እሱስ በፈቃዱ ነው የገባው። እንግዲህ አስቡት፤ መንግሥት «ጠላት ነሽ» ብሎ ያሰራት ልጅ የሰፋሪ ኮፍያ አጥልቃ አሜሪካን ስትጨፍር!

ደግሞ በግራሃም የመጀመሪያ የታሪክ ረቂቅ አንዲት የአገሬው ተወላጅ ልጃገረድ ነበረች። በኋላ ተሰረዘች። የመሬቱ ባለቤት ልብስ መድረኩ ላይ የለም ማለት ነው። እስቲ ስለ እሷም ጻፉልን።