ያልተቀረጸ ዳቦ አይበላም

የእኛ የአዲስ አበቤዎች ደግነት ሰዓት አክባሪ ነው። ለቀጠሮ ሁለት ሰዓት የምናረፍድ ሰዎች፣ የበዓል ዋዜማ "ማዕድ ማጋራት" ላይ ግን ደቂቃ አናዛንፍም። ባነሩ ይሰቀላል፣ ቲሸርቱ ይለበሳል፣ በረንዳ አዳሪው ይሰለፋል። በሌላው ቀን ሆድ የለውም መሰለኝ።

በገና ዋዜማ ፒያሳ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ ልጅ፣ ቢበዛ አሥራ ሁለት ዓመቱ፣ ዳቦ ተሰጠውና ወዲያው ገመጠው። "ቆይ ቆይ፣ አልተቀረጸም!" አለ ባለካሜራው። ዳቦው ከእጁ ተወሰደ፣ የተገመጠው ጎን ወደ ኋላ ዞረና እንደ አዲስ ተሰጠው። "ፈገግ በል እንጂ ማሙሽ!" ሦስተኛው ላይ ተሳካለት። ጎበዝ ልጅ ነው።

የሰፈራችን ጉሊት ቸርቻሪ እትዬ ማታ ማታ ሳይሸጥ የተረፈውን ድንች ቀቅለው ለነዚሁ ልጆች ያበላሉ። ቲሸርት ስለሌላቸው አይቆጠርላቸውም።

የካቲት ሲመጣ ደግሞ ደግነታችን መኪና ይዞ ይወጣል። የአፍሪካ መሪዎች ለኅብረቱ ጉባኤ ሊገቡ ነዋ! እንግዳ ሲመጣ ገመና ጓዳ ይገባል፤ የእኛ ጓዳ ሰፊ ስለሆነ ከከተማ ውጭ ድረስ ይደርሳል፣ እና ሌሊት በአፈሳ የተጫነው ሁሉ አየር ቀይሮ፣ ጉባኤው ሲያልቅ በእግሩ እየተንሸራሸረ ይመለሳል። አፈሳ ማለት ደስ አይልም እንጂ፣ ነጻ ጉብኝት እኮ ነው።

ሕጉም አልረሳቸውም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 384 የጠረጠረውን ሰው ዋስ ጥራ ብሎ ሳያስቸግር ማረፊያ ቤት ያስገባል። ቤት ነው፤ ምን ጎደለ?

"የለም፣ እኔ ሠርቼ ራሴን ልቻል" የሚል ካለም መንገዱ ክፍት ነው። ሥራ ለመቀጠር መታወቂያ ያምጣ። ለመታወቂያ ወረዳ ይሂድ። ወረዳ የቤት ቁጥሩን ይጠይቀዋል።

ወደ ልጁ ልመለስ። ዝግጅቱ አልቆ ባነሩ ሲጠቀለል ቆሞ ያያል። ወፍራም፣ ዝናብ የማያስገባ ሸራ ነው። "ጋሼ፣ እሱን ስጡኝ፣ ላስቲካችን ተቀዷል" አለ።

"አይሆንም ማሙሽ" አሉት አስተባባሪው፣ ሸራውን መኪና ላይ እየጫኑ። "ለፋሲካ እንፈልገዋለን።"