ጥሩንባው ሳይነፋ

ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው ተቆጥቼ ነው። ቁጣዬ ይበርዳል ብዬ ሦስት ወር ጠበቅሁ። አልበረደም።

በሠፈራችን አንዲት እናት አሉ። ሁላችንም እማማ እንላቸዋለን። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል። ሁለት ልጆች ለብቻቸው አሳድገዋል። ሴቷ ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች። ወንዱ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ የጅቡቲ መስመር። ከመስመር በተመለሰ ቁጥር ከመንገድ የገዛውን ሽንኩርት በማዳበሪያ ተሸክሞ ሲገባ እናየዋለን። ግማሹን ለጎረቤት ያካፍላል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ አዋሽን አልፎ ወደ ሚሌ በሚወስደው መንገድ ላይ መኪናው ተገለበጠ። እዚያው አረፈ። ወሬው አመሻሽ ላይ ደረሰን። የደወለው ከኋላው ይነዳ የነበረ ጓደኛው ነው።

ከዚያ በኋላ የሚደረገውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሽማግሌዎች በእድሩ ዳኛ ቤት ተሰበሰቡ። እኔም ነበርኩ። ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ተመካከርን። እማማ ደም ግፊት አለባቸው። ይህችን አንዲት ሌሊት ይተኙ ተባለ። እህታቸው ከደብረ ብርሃን በሌሊት እንድትመጣ ተደወለላት። ለእሷም የተነገራት "እህትሽ ትንሽ አሟታል" ተብሎ ነው። ንስሐ አባታቸው ተጠሩ። ንጋት 11 ሰዓት ላይ እንዲገባ ተቆረጠ። ማን ቀድሞ እንደሚገባ፣ ማን ከኋላ ሆኖ እንደሚደግፋቸው፣ ውሃውን ማን እንደሚይዝ ሳይቀር ተነጋገርን። ሪያድ ላለችው ልጅ ደግሞ እዚያው የምትሠራ የአገር ልጅ ትፈለግና አጠገቧ ሆና ትንገራት ተባለ። ጥሩንባ ነፊው መርዶው ሳይነገር እንዳይነፋ አደራ ተባለ። እሱ አደራም አያስፈልገውም ነበር። ስንት ዓመት የነፋ ሰው ነው።

መርዶ ማለት ይህ ነው። እውነትን መደበቅ አይደለም። ሐዘኑ ብቻውን እንዳይገባ ነው፤ ሰው ይዞ እንዲገባ ነው።

በመጨረሻ አንዲት ጎረቤት ተላከች። "የእኔ ካርድ አልቋል፣ ስልክዎን ያውሱኝ" ብላ ስልካቸውን ይዛ እንድትወጣ። በራቸው ላይ ስትደርስ ጩኸቱን ሰማች።

ቀድሞ የገባው እንዲህ ነበር። የሠፈራችን አንድ ጎረምሳ ገጽና የዩቲዩብ ቻናል አለው። የተገለበጠውን መኪና ፎቶ ከአንድ የቴሌግራም ግሩፕ አገኘ። የሹፌሩን ፎቶ ከራሱ ከሟቹ ፌስቡክ ወሰደ። ጎን ለጎን አደረጋቸው። ፊቱን በቀይ ከበበው። "ሰበር! ልብ የሚሰብር መረጃ" ብሎ ጻፈበት። ስሙን ግን አልጻፈም። ማን እንደሆነና ምን እንደደረሰበት ለማወቅ ሊንኩን ይጫኑ፣ ሰብስክራይብ ማድረግዎን አይርሱ አለ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር።

ሪያድ ያለችው እህቱ ያን ሰዓት ሥራዋን ጨርሳ ክፍሏ መግባቷ ነው። ስልኳን ከፈተች። የወንድሟ ፊት በቀይ ተከቧል። ሊንኩን ተጫነች። መጀመሪያ የመጣው ማስታወቂያ ነው። ወንድሟ ይሙት ይኑር ለማወቅ ማስታወቂያው እስኪያልፍ ጠበቀች። ይህን ስትነግረኝ ስልኩን ይዤ መናገር አቃተኝ።

ከዚያ እናቷ ጋ ደወለች። "እማዬ፣ እውነት ነው?" ነው ያለችው። እማማ ምንም አያውቁም። ብቻቸውን ቁጭ ብለው ምስር ይለቅሙ ነበር። እኛ በአምስት ቤት ርቀት ላይ፣ ይህ እንዳይሆን እንመካከራለን።

ወደቁ። ዘጠኝ ቀን ሆስፒታል ተኙ። ልጃቸው ሲቀበር አልነበሩም። ግራ እጃቸው እስከ ዛሬ አይታዘዝላቸውም። ልጠይቃቸው የሄድኩ ቀን አንድ ነገር ብቻ አሉኝ። "ሰውን ሰው ያረዳዋል። እኔን ስልክ አረዳኝ።"

ጎረምሳውን ሄጄ አገኘሁት። ጮኽኩበት። መልሱ አጭር ነው። "ጋሼ፣ ውሸት አልለጠፍኩም እኮ።"

እውነቱን ነው። ሐሰት አልለጠፈም። በ2012 የወጣው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ከ5000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰት ያሰራጨን ጠንከር አድርጎ ይቀጣል። ለእማማ ግን ያ አዋጅ ምንም አያደርግላቸውም፤ የተለጠፈው እውነት ነዋ። እውነትም ሰዓት እንዳለው፣ እውነትም ተሸክሞት የሚገባ ሰው እንደሚፈልግ በየትኛው አንቀጽ ይጻፍ? ይህን ይዘን የኖርነው በአዋጅ አልነበረም። በይሉኝታ ነበር። ፊደል ያልቆጠሩ አያቶቻችን የሚያውቁትን እኛ ባለ ስማርት ስልኮቹ አጣነው።

በጠዋት ልጥፉን ከፈትኩት። በሺዎች አይተውታል። ከሥሩ "ነፍስ ይማር" ተደርድሯል። የምታለቅስ ፊት፣ የተጣጠፈ እጅ፣ ሻማ። ብዙዎቻችሁ ሼር አድርጋችሁታል። ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። "ቤተሰብ ሰምቷል ወይ?" ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አጣሁ። አንድ! የእኛ ሠፈር ልጆች ስም ሳይቀር አየሁበት። የእማማን ቡና ጠጥተው ያደጉ ልጆች። አዝናችሁ እንደጻፋችሁ አውቃለሁ። ግን እያንዳንዱ "ነፍስ ይማር" ልጥፉን ወደ ሌላ ሰው ገፋው። ዩቲዩብም ፌስቡክም እንዲህ ነው የሚሠሩት፤ ሰው የተጫነውንና ኮሜንት የሰጠበትን ለሌላ ሰው ማሳየት ይቀናቸዋል። ሪያድ ያደረሰው የእናንተ ጸሎት ነው። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ ግን እውነት ነው።

አዲስ ነገርም አይደለም። ወንድሞቻችን ሊቢያ ላይ ሲታረዱ የሚያሳየው ቪዲዮ ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ሲለቀቅ፣ ቂርቆስ ሠፈር ልጆቻቸውን ከቪዲዮው ላይ የለዩ ቤተሰቦች ነበሩ። ያኔ ቪዲዮውን የለቀቁት ገዳዮቹ ናቸው። አሁን ግን የምንለቀው እኛው ነን። በየመንገዱ አደጋ፣ በየመሬት ናዳው፣ በየቀብሩ።

አሁን ደግሞ ስለ ራሴ ልናገር። እስካሁን ስቆጣ የነበርኩት ይህችን ለማዘግየት ሳይሆን አይቀርም።

ያን ጎረምሳ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ጦማር ከጀመርኩ ብዙ ዓመቴ ነው፤ ገጽም አለኝ። ሰዎች ተመልካች እንዴት እንደሚበዛ ይጠይቁኛል። አምና ይህ ልጅ ደብተር ይዞ መጣ። ሥራ አልነበረውም። ደስ አለኝ። ከማስታወቂያ ገቢ ለማግኘት 1000 ሰብስክራይበርና በ12 ወር ውስጥ 4000 የእይታ ሰዓት እንደሚያስፈልገው ነገርኩት። ጻፈ። ቀድመህ ለጥፍ፣ የቀደመ ነው የሚበላው አልኩት። ጻፈ። ታምብኔልህ (የቪዲዮህ ሽፋን ምስል) ላይ የሰው ፊት ይኑር፣ ዓይን ፊት ላይ ያርፋል አልኩት። ጻፈ። ርዕስህ ላይ ሁሉን አትጨርስ፣ ሰው ለማወቅ እንዲጫን አንድ ነገር አስቀርበት አልኩት። ይህንንም ጻፈ። አንደኛው ሺህ የሞላለት ቀን ማኪያቶ ጋበዘኝ።

ያን ምሽት ያደረገውን እስቲ መለስ ብላችሁ እዩት። ቀደመ። ፊት አደረገ። ስሙን አስቀረ። ካስተማርኩት አንድም አላጎደለም።

ስለ መርዶ አልነገርኩትም። ያውቀዋል ብዬ ነው። እናቱ የእድር ወጥ ስትሠራ ያደገ ልጅ ነው፤ ድንኳን ሲተከል ካስማ ያቀበለ ልጅ ነው። ግን በማወቅና በዚያች ደቂቃ ጣትን በመያዝ መሀል ርቀት አለ። ያቺን ርቀት በቁጥር የሞላሁበት እኔ ነኝ።

ከዚህም የባሰ አለ። በዚያ ጠዋት ልጥፉን ስከፍተው፣ ዓይኔ መጀመሪያ የሄደው ወደ ሟቹ ፊት አይደለም። ወደ ተመልካቹ ቁጥር ነው። ለአንዲት ቅጽበት ብቻ። ግን ሄዷል። ይህን ለእማማ አልነገርኳቸውም። ለእናንተ ነገርኩ።

ተመልካች ማፍራት ነውር ነው አላልኩም። ጀነሬተር እንዴት እንደሚጠገን እያሳየ በሦስት ዓመት ተመልካች ያፈራ ሰው አውቃለሁ። ቀስ ብሎ ነው ያደገው። ማንንም አላስለቀሰም። እኔ የምቆጣው በሰው ቤት ሐዘን በኩል አቋርጦ ለሚሄደው መንገድ ነው።

ልጁ በኋላ ልጥፉን አጥፍቶታል። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ሌሎች ገጾች ወስደውት ኖሮ ዛሬም ይገኛል። የሟቹ እህት አንዳንዴ ከሪያድ ሊንኩን ትልክልኛለች። "ይኸው ደግሞ" ትላለች። ሪፖርት አደርጋለሁ። አንዱ ሲነሳ ሌላ ይመጣል።

ብዙ አልጠይቃችሁም፤ ብዙ ለመጠየቅ ፊትም የለኝ። ባለ ገጾች፣ አንዲት ሌሊት ብቻ ስጡን። ሽማግሌዎች በር እስኪያንኳኩ። እናንተ የምታዩት ደግሞ፣ "ነፍስ ይማር" ከማለታችሁ በፊት "ቤተሰብ ሰምቷል?" በሉ። መልስ ካልመጣ አትንኩት። ጣታችሁን ሰብስቡ። ቀርቶባችሁ የሚጎዳችሁ ነገር የለም።

ባለፈው ሳምንት ከእኛ ታች ካለው ቅያስ አንዲት ልጅ ሞተች። ወላጆቿ ገና አልሰሙም ነበር። ወሬው በሠፈሩ ወጣቶች ዘንድ ማታውኑ ደርሷል። እንቅልፍ አልወሰደኝም። ስልኬን እያበራሁ ገጽ በገጽ አየሁ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ አንዱ ፎቶዋን ለጠፈ። ደረቴ ቀዘቀዘ። ልጽፍ ስል ሌላ ሰው ቀድሞኛል። "መርዶ አልተነገረም፣ አጥፋው" ይላል። ከሥሩ ሌላ። ከሥሩ ሌላ። ሦስተኛው ያ ጎረምሳ ነበር። ጥቂት ቆይቼ ደግሜ ስከፍተው ልጥፉ የለም።

ሌሊቱን ሙሉ ጠበቅሁ። 11 ሰዓት አለፍ ሲል ከመስኮቴ ሥር የሽማግሌዎቹን ኮቴ ሰማሁ። በር ተንኳኳ። ለቅሶው ተነሳ፤ የብዙ ሰው ድምፅ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ጥሩንባው የተነፋው።