ዕጢን በናኖ ማስራብ፦ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም?

ደጋፊ፦ ዕጢ ከ1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር በላይ ለማደግ የራሱን ደም ሥር ማብቀል አለበት። ይህን አሜሪካዊው ሐኪም ጁዳ ፎክማን በ1971 ጽፎታል (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ደም ሥሩ ከተዘጋ ግሉኮሱም ኦክስጅኑም ይቋረጣል። በ2018 የቻይናና የአሜሪካ ተመራማሪዎች ዲኤንኤን በናኖ መጠን፣ ማለትም በዓይን በማይታይ ልክ፣ እንደ ሰሌን ጠቅልለው ትሮምቢን የተባለውን ደም የሚያረጋ ኢንዛይም ውስጡ ሸሸጉ። ጥቅሉ የሚፈታው በዕጢው ደም ሥር ግድግዳ ላይ ኑክሊዮሊን የተባለውን ፕሮቲን ሲያገኝ ነው። ደሙ እዚያው ረጋ፤ የአይጦቹ ዕጢ ሞተ። በአሳማዎች ላይ ሲሞከር ደግሞ የደም መርጋት ችግር አልታየም።

ሞጋች፦ አይጥ ላይ ያልዳነ ካንሰር የት አለ? በ2016 የታተመ የአሥር ዓመት ሙከራዎች ግምገማ እንዳሳየው፣ ከተወጋው ናኖ ቅንጣት ዕጢው ጋ የሚደርሰው በግማሾቹ ሙከራዎች ከ0.7 በመቶ ገደማ አይበልጥም። አብዛኛውን ጉበትና ጣፊያ ይለቅሙታል።

ደጋፊ፦ ቁጥሩን አልክድም። ግን ያ የሚያሳስበው እያንዳንዱን ሴል ማግኘት ላለበት መድኃኒት ነው። የእኛ ዒላማ ደም ሥሩ ራሱ ነው፤ ቅንጣቱ ወደ ውስጥ መዝለቅ አይጠበቅበትም። አንድ ሥር ሲደፈን ከእሱ የሚመገቡት ሴሎች ሁሉ ይራባሉ።

ሞጋች፦ መሃሉ ይራባል፤ ጠርዙስ? ዳር ያሉት ሴሎች ከጤነኛው አካል ደም ሥር ይጋራሉ፣ እነሱም መልሰው ያድጋሉ። ኦክስጅን ያጣ ሴል ደግሞ ዝም ብሎ አይሞትም፤ ኤችአይኤፍ የተባለው ፕሮቲን ነቅቶ አዲስ ደም ሥር ያስጠራል፣ ሴሉንም ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል እንዲሰደድ ያዘጋጃል። ዕጢ አዲስ ደም ሥር እንዳያበቅል የሚያግደውን መድኃኒት፣ ቤቫሲዙማብን ያስታውሱ። በ2004 ለአንጀት ካንሰር ተፈቀደ፤ ለጡት ካንሰር ግን ዕድሜ እንደሚያራዝም ስላልተረጋገጠ የአሜሪካው ተቆጣጣሪ በ2011 ፈቃዱን አነሳ።

ደጋፊ፦ አስፓራጅኔዝስ? የሕፃናትን የደም ካንሰር አስፓራጂን የተባለውን አሚኖ አሲድ አሳጥቶ የሚያክም፣ ለዓመታት የተሠራበት መድኃኒት ነው።

ሞጋች፦ እዚያ የሠራው እነዚያ ሴሎች አስፓራጂንን ራሳቸው በበቂ መጠን ማምረት ስለማይችሉ ነው። ግሉኮስ ግን አንጎልም ይፈልገዋል።

ደጋፊ፦ (ይህቺ ጥሩ ነጥብ ናት፤ ለዚህም ነው ግሉኮስን የሚያፈርሰውን ኢንዛይም፣ ግሉኮስ ኦክሲዴዝን፣ ዕጢው ውስጥ ብቻ እንዲሠራ በናኖ ሽፋን የሚሸፍኑት።) ለጠርዙም ቢሆን ብቻውን ይበቃል አላልኩም። ትሮምቢንንና ዶክሶሩቢሲን የተባለውን የካንሰር ሴል ገዳይ መድኃኒት በአንድ ቅንጣት ጭነው በእንስሳት የሞከሩ አሉ፤ አንዱ መሃሉን ሲያስርብ ሌላው ዳሩን ይመታል።

ሞጋች፦ እሱን እቀበላለሁ። ታዲያ በሰው ሲሞከር ዶክሶሩቢሲን ብቻውን ከወሰዱት ታማሚዎች ጋር ይነጻጸር፤ የሚለካውም የዕጢው መኮማተር ሳይሆን የታማሚው ዕድሜ ይሁን።